የትኛዋ መኪና?

ሰሞኑን ዓይኔን ልታይ ወልዲያ ሄጄ ነበር። ጠብታውን ተቀብዬ ወደ መናኸሪያው ስወርድ፣ መንገድ ዳር በረንዳ ላይ ልብስ ሰፊዎች ተደርድረው ተቀምጠዋል። አንደኛው የስፌት መኪናውን ፈታትቶ ዘይት ይቀባል። ያቺ ቀጭን፣ ውሃ የምትመስል ዘይት ናት። ሽታዋ አፍንጫዬ እንደገባ እግሬ ቀጥ አለ። ሰውየው ቀና ብሎ «እናቴ፣ የሚሰፋ ነበረዎት?» አለኝ። «የለኝም ልጄ፣ ላሽትት ብዬ ነው» አልኩት። ከዓይን ጠብታ ሌላም መድኃኒት የሚያስፈልገኝ ሳይመስለው አልቀረም። እስኪጨርስ ቆሜ አየሁት፤ ከዚያ አውቶቡስ ተሳፍሬ ሲሪንቃን አልፌ መርሳ እስክገባ ድረስ ያ ሽታ አልለቀቀኝም።

እኛ ቤት «መኪና» ሲባል ድሮ አንዲት ብቻ ነበረች፤ የእኔዋ። በእግር የምትመታ፣ ጥቁር፣ አንገቷ ላይ ወርቃማ አበባ የተሳለባት። መህሬ፣ የኒካሕ ስጦታዬ ናት። ሰይድ ሊያገባኝ ሽማግሌ ሲልክ አባቴ ምን እንደምፈልግ አስጠየቀኝ። የእኩዮቼ መህር አምባር ነበር፣ ጥጃም ነበር። እኔ የስፌት መኪና አልኩ። ሽማግሌዎቹ ሳቁብኝ፤ ሰይድ አልሳቀም። መካኒክ ነበርና የሰው አይሱዙ ሥር ተጋድሞ ዓመት ከመንፈቅ ሠርቶ ገዝቶ አመጣልኝ። መህር ደግሞ የሴቲቱ ነው፤ ባልም ቢሆን አይነካውም። መርሳ ያን ጊዜ ሻይ በስሙኒ ይጠጣባት ነበር። የሴት ቀሚስ በሁለት ብር እሰፋለሁ፣ የተትረን ሱሪ በሦስት፤ ቤልቦተም ከሆነ ለሰፊው እግር ሽልንግ እጨምራለሁ። ከፊት ለፊት ያለው ሻይ ቤት ሬዲዮኑን ከፍቶ አምባሰል ሲለቅ፣ እግሬ ሳይታወቀኝ በዘፈኑ ልክ መኪናዋን ይመታል። የዚያን ሰሞን የሰፋሁት ልብስ ሁሉ ስፌቱ ረጋ ያለ ነው ይሉኝ ነበር። እኔም ምክንያቱን ለማንም አልተናገርኩም።

ሁለተኛዋ መኪና የጋሽ ታደሰ ናት። ጋሽ ታደሰ ወልዲያ ላይ ወፍጮ ቤት የነበራቸው፣ ረጅም፣ ሁልጊዜ ኮት የሚለብሱ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው የመኪና ውድድር ይወዳደሩ ነበር። መኪናዋን አስመራ ላይ ወደ አገሩ ከሚመለስ ጣሊያን ነው የገዟት። ቀይ ናት፤ የተደለዘ በርበሬ የመሰለች። ከመሬት አትነሳም፤ ሁለት ሰው ብቻ ትይዛለች፤ ስትመጣ ከሲሪንቃ ጀምሮ ድምጿ ይሰማል። ኮፈኗ ሲከፈት ትንሽ የነሐስ ሰሌዳ ተመትታባታለች። ሰይድ እንዳነበበልኝ፣ ፋብሪካው እንዲህ ያለች መኪና ሃምሳ ብቻ ሠርቷል፤ ይህች ሠላሳ አንደኛዋ ናት። አካሏ በመዶሻ የተቀጠቀጠ ነው፤ አንዷ ከሌላዋ ልክ አትገጥምም። «እንደ ሰው ማለት ነው» ይል ነበር ሰይድ። እኔ ደግሞ ሃምሳ ብቻ የሠሩት ገዢ አጥተው ነው እለው ነበር። ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ መኪና ለእኛ ለሐብሩ ሰው ምን ትሠራለታለች? ፍየል እንኳን አይጫንባት።

ግን ቀንቻለሁ። ዛሬ ልናገረው። ሰይድ ያችን መኪና በሁለት እጁ ነበር የሚነካት። የሌላውን ሰው መኪና በዘይት እጁ ይነካል፤ የጋሽ ታደሰን ግን በሳሙና ታጥቦ። ጦርነቱ ከሰሜን እየቀረበ በመጣበት ሰሞን የሾፌሩ ወንበር ቆዳ ስፌቱ ላይ ተተረተረ። ጋሽ ታደሰ ራሳቸው ወንበሩን ተሸክመው ቤቴ ገቡ። «መሬማ፣ ከአንቺ በቀር የማምነው የለም» አሉኝ። ከግራና ገበያ የለፋ የፍየል ቆዳ ገዛን፣ ቀለም ቀባነው። ክር ግን ጠፋ። መንገዱ ተዘግቶ ዕቃ አይገባም፤ ቀይ ክር በመርሳ ሱቅ ሁሉ አልተገኘም። የነበረኝ ወፍራም ክር አረንጓዴ ብቻ ነው፤ ለሠርጌ ቀሚስ ዘርፍ የተገዛ። መርፌ ሦስት ጊዜ ተሰበረብኝ፤ መኪናዬ ታቃስታለች እንጂ አላቆመችም። ጋሽ ታደሰ ቀዩ ቆዳ ላይ አረንጓዴውን ስፌት ሲያዩ ሳቁ። «ይሁን፣ ወሎ መኖሯን ያውቁላታል» አሉ።

ከዚያ የሆነውን ማን ከማን ጋር ተዋጋ ብዬ አልተርክም፤ የሚተርኩት ሞልተዋል። እኛ የምናውቀው አንዱ ሲወጣ ሌላው መግባቱን፣ አውሮፕላን ሲመጣ ጥላ ሥር መተኛቱን፣ ስኳር መጥፋቱን ነው። አንድ ጠዋት ጋሽ ታደሰ መኪናዋን እየነዱ ግቢያችን ገቡ። ሚስታቸው ታማለች፤ ሂሩት የምትባል ትንሽ ልጃቸውን ሁለቱ አዋቂዎች መሃል አጣብቀዋታል። ነዳጁ እዚያው አለቀ። ወደ ደሴ የሚሄድ የጭነት መኪና ተገኝቶ እዚያ ላይ ሲሳፈሩ፣ ጋሽ ታደሰ ቁልፉን ሰይድ መዳፍ ውስጥ አስቀመጡ።

«ሰይድ፣ አደራ» አሉ።

«አማናዎን ተቀብያለሁ፣ ጋሽ ታደሰ። እርስዎ ወይ ልጅዎ እስኪመጡ ከዚህ አትነቃነቅም» አለ ሰይድ።

ሂሩት የለበሰችው እኔ የሰፋሁላትን ባለ ነጠብጣብ ቀሚስ ነበር። መኪናዋን በማሽላ አገዳ ከምረን ሸፈንናት፤ ከሩቅ ሲያዩዋት የማንም ገበሬ ግቢ ያለ የከብት መኖ ነው። ቁልፉን የስፌት መኪናዬ ጠረጴዛ መሳቢያ ውስጥ ከክሮቼ ጋር አስቀመጥኩት። ሳምንት ሳይሞላ ሰይድን ወታደሮች «መካኒክ ነህ» ብለው የተበላሸ የጭነት መኪና ሊያሠሩት ወልዲያ ወሰዱት። ከሦስት ዓመት ልጄ ጋር ብቻዬን ቀረሁ።

ሰይድ በተወሰደ በአሥረኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ ወታደሮች መጡ። አራት ናቸው፤ አንድ በቅሎ ይዘዋል። አለቃቸው በር ላይ ቆሞ ሰላምታ ሰጠኝ። አልደነገጥኩም። ከዚያ በፊት ወታደሮች የተቀደደ ሱሪ ይዘው እየመጡ ሰፍቼላቸዋለሁ።

«መኪና አለሽ አሉን» አለኝ።

«አዎ፣ አለኝ» አልኩ።

«ትሠራለች?»

«በደንብ ነዋ! ትናንት ነው ዘይት ያጠጣኋት።»

«ጎማዋስ?»

የስፌት መኪናም ክር የሚያጠነጥንባት ትንሽ ጎማ አላት። የእኔዋ ተበልቶ ነበር። «ጎማዋ አልቋል፤ ግን ያለሱም ትሄዳለች» አልኩት። እርስ በርስ ተያዩ። የሚሰፋ ልብስ እንዳልያዙ ልብ ያላልኩት እንዴት እንደሆነ ዛሬም አላውቅም። አለቃው «አሳዪን» አለኝ። እኔም ቀድሜ ወደ ቤት አስገባኋቸው፤ ላያት ላይ ጣል ያደረግኩባትን ጨርቅ ገፈፍኩና «ይኸውላችሁ» አልኩ።

አንዱ ሳቀ፤ ሌላውም ተከተለው። አለቃው አልሳቀም። ትክ ብሎ አየኝ።

«ይቺ ናት?»

«ይቺ ናት እንጂ! ወላሂ ሌላ መኪና የለኝም» አልኩት።

ከልቤ ነበር። በሰዎቹ ፊት ተዋርዶ ባዶ እጁን መውጣት ከብዶት ይሆን፣ ወይም እውነትም አስፈልጋው ይሆን አላውቅም፤ «እሷኑ ፍቱ፤ ልብስ የሚሰፋ አለን» አላቸው። ጠረጴዛዋን ትተው ራሷን ብቻ ፈቷት። ያን ጊዜ ነው የጮኽኩት። «መህሬ ናት! የእኔ ናት! በእሷ ነው ልጄን የማበላው!» እጁን ያዝኩት። ቀስ አድርጎ አስለቀቀኝና «እኅቴ፣ ስንመለስ ትወስጃታለሽ» አለኝ። በበቅሎዋ ጫኗት። ሲወጡ አንደኛው ወታደር ከክምሩ አንድ ክንድ ሙሉ አገዳ መዞ ለበቅሎዋ ያዘ። የቀዩ ኮፈን ጫፍ የጣት ያህል ብቅ ሲል አየሁት፤ ምንም አልመሰለኝም። ዓይኔ የነበረው በቅሎዋ ላይ ነው።

መሬት ላይ ተቀምጬ ሳለቅስ ጎረቤቴ እትዬ ዝናሽ አጥሩን ተሻግራ እየሮጠች መጣች። ሁሉንም ሰምታለች። አቀፈችኝ፣ ግንባሬን ሳመችኝ።

«አንቺ መሬማ! እንዲህ ያለ ብልሃት ከየት አመጣሽው?»

«ምኑን?»

«ምኑን ትለኛለች! የታደሰን መኪና ፈልገው መጥተው በስፌት መኪና ሸኘሻቸው እኮ! መህርሽን ሰጥተሽ የሰው አደራ አዳንሽ። እመቤቴን፣ እኔ ብሆን አላደርገውም!»

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። የአገዳው ክምር አራት እርምጃ ርቀት ላይ ነው። የፈለጉት እሷን መሆኑ ገብቶኝ ቢሆን ኖሮ ምን አደርግ ነበር? መልሱን ለማወቅ አላሰብኩም፤ ወዲያው መጣልኝ። በገዛ እጄ አገዳውን እገፍፍላቸው ነበር። ቁልፉን ከመሳቢያው አውጥቼ እሰጣቸው ነበር። እትዬ ዝናሽ ግን ወሬውን ይዛ ሄዳለች። ማታ ላይ መርሳ ሁሉ ሰምቷል፤ በሳምንቱ ግራና ደርሷል።

ሰይድ ከወር በኋላ ከስቶ፣ ጢሙ አድጎ ተመለሰ። ታሪኩን መንገድ ላይ ሰምቶታል። ከእኔ በፊት ወደ ክምሩ ሄደ፤ አገዳውን ገለጥ አድርጎ አየ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቷል።

«አልሐምዱሊላህ፣ መኪናዋ ተረፈች» አለኝ።

«የትኛዋ?» አልኩት።

የቀለድኩ መሰለው። ስቆ አቀፈኝ። ቀልድ አልነበረም፤ በእኔና በእሱ መሃል አንድ ያልተነገረ ነገር የቀረው ያን ቀን ነው። እውነቱን ልነግረው ስል «እንዳንቺ ያለች ሴት የት ትገኛለች» ይላል፤ እኔም ዝም እላለሁ። አንዴ ዝም ያሉት ነገር ደግሞ በማግስቱ ይከብዳል፣ በዓመቱ ይብሳል። ጦርነቱ አልፎ ትንሽ ሲቀናን ሌላ የስፌት መኪና ልግዛልሽ አለኝ። እምቢ አልኩ። ኩራት ነው ብለው አወሩልኝ። ላልሠራሁት ሥራ ሽልማት መቀበል አስጠልቶኝ ነበር። ሽንኩርትና ቲማቲም ቸርቻሪ ሆኜ ልጄን አሳደግኩ። ባዶዋን ጠረጴዛ ግን አልጣልኩም፤ ራሷ የነበረችበት ቀዳዳ ላይ ሰሃን ደፍቼበት ኖርኩ። ሰዎች ወርቃቸውን፣ የቤት ካርታቸውን፣ የልጃቸውን የምስክር ወረቀት «አማና» እያሉ ያስቀምጡብኛል። አንድም ቀን የማንም ዕቃ አልጠፋብኝም፤ የምጠብቀው ግን ላወጡልኝ የታማኝነት ስም ብዬ ይሁን ባዶነቱ እንዳይጋለጥብኝ ፈርቼ አላውቀውም ነበር። ሸሁን አንዴ ስሜን ሳልጠቅስ ጠየቅኳቸው። «መኪናዋ የራሷ ካልሆነች ‹ሌላ የለኝም› ማለቷ ውሸት አይደለም፤ መሐላዋም አልፈረሰም» አሉኝ። መሐላው አልነበረም የሚያስጨንቀኝ።

ሰይድ ታሞ ሊሞት ሲል እጄን ያዘ። «መሬማ፣ አማናዬን ጠብቀሽልኛል። አላህ ይጠብቅሽ» አለኝ። «አሚን» አልኩ። ያቺ አሚን እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለች።

ከዚያ ወዲህ ቀይዋን መኪና ብቻዬን ጠበቅኳት። በላይዋ ዳስ ሠራሁ። በየዓመቱ መውሊድ ሲደርስ ወንበሮቿን ቅቤ እቀባለሁ፤ ቆዳ አይደል፣ ካልቀቡት ይሰነጠቃል። የሾፌሩን ወንበር ስቀባ ጣቴ አረንጓዴው ስፌት ላይ ይቆያል። በቅርቡም ጦርነት እንደገና በዚያው በሰሜን መንገድ ወደ እኛ ሲመጣ፣ አገዳ ከመርኩባት። በዚህኛው ጊዜ የማደርገውን አውቄ ነበር።

ሂሩት የመጣችው ባለፈው ዓመት ነው። ፀጉሯ ሸብቷል፤ አረማመዷ የአባቷ ነው። ጋሽ ታደሰ ከሞቱ ቆይተዋል፤ እሷ አዳማ ትኖራለች፤ መኪናዋ በጦርነቱ የጠፋች መስሏት ነበር። አንድ የድሮ መኪና የሚሰበስብ የአዲስ አበባ ሰው ነው የነሐሷን ቁጥር ከድሮ ወረቀት ተከታትሎ ያገኛት። አብሯት መጥቷል። ዳሱ ሥር ሲገባ ሰውየው ኮፍያውን አወለቀ። ሬሳ ያየ መሰለኝ። ኮፈኑን ከፍቶ ቁጥሯን አነበበ፤ ሞተሩ ላይ ካለው ጋር አስተያየ። ከሃምሳዎቹ በዓለም ላይ ያሉት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው አለን። የቀሩት ተጋጭተዋል፣ ተቃጥለዋል፣ ለብረት ተሸጠዋል፤ የተረፉትም ሞተራቸው ተቀይሯል፣ ቀለማቸው ታድሷል። እንደዚህች ሳትነካ የቆየች የለችም። እኔ እንግዳ አይደል ብዬ ላራግፍላት ጨርቅ ሳነሳ ጮኸብኝ።

«እማማ፣ እንዳይነኩት! አቧራው ራሱ ዋጋ አለው!»

«አቧራ ዋጋ ካለውማ መርሳ ላይ ድኻ አይኖርም ነበር» አልኩት።

ሂሩት ሳቀች። ሰውየው ወንበሩን አሸተተ፣ ግራ ገባው። ቅቤ ነው አልነው። ከዚያ የሾፌሩን ወንበር አየና ፊቱ ጠቆረ። «ይሄ ኦሪጅናል አይደለም። ሰው ሰፍቶታል፤ ክሩም አረንጓዴ ነው። ይህን አስወግደን እንደ ድሮው እናሠራዋለን፤ እንዲህ ካለ ዋጋዋን ይቀንሳል» አለ። ቤት ገብቼ ቁልፉን ከመሳቢያው አውጥቼ ለሂሩት ሰጠኋት። የሰይድ ቃል ሞላ።

ሰውየው ውጭ ፎቶ ሲያነሳ እኔና ሂሩት ብቻችንን ሆንን። ባዶዋን ጠረጴዛ በእጇ ዳሰሰቻት።

«እማማ መሬማ፣ አባቴ እስኪሞት ስለ እርስዎ ይናገር ነበር። ደሴ ድረስ ሰምቶ ነበር። መኪናዎን ሰጥተው የእኛን አዳኑ። ከሚሸጠው ግማሹ የእርስዎ ነው፤ እምቢ ቢሉኝ አልሰማዎትም።»

እዚያ ላይ ሰለቸኝ። ስንት ዓመት! «ተቀመጪ ልጄ» አልኳት። «እኔ ያንቺን መኪና አላዳንኩም። ተሳስቼ ነው። መኪና አለሽ ሲሉኝ የእኔዋ መሰለችኝ። ቢገባኝ ኖሮ ያባትሽን አማና አሳልፌ እሰጥ ነበር። መህሬን ከማጣ፣ የልጄን እንጀራ ከማጣ፣ ያንቺን አባት መኪና ነበር የምሰጠው። ለሰይድም አልነገርኩት። ግማሽሽን አልፈልግም፤ ያልሠራሁበትን አልበላም።»

ፊቷን ማየት ፈራሁ። በኋላ «ያ አረንጓዴ ክር የእርስዎ ነው?» አለችኝ። «የመኪናዬ ነው» አልኳት። «ከእሷ የቀረው ያ ብቻ ነው።» ተነስታ ወጣች። መኪናዋን በሎቤድ ጭነው ሲሄዱ እጄን ስማ ተሰናበተችኝ፤ ስለ ነገርኳት ነገር ግን ቃል አልተነፈሰችም። ወራት አለፉ፤ አልደወለችም። ንቃኛለች አልኩ። እውነት ነው የተናገርኩት፣ ሐቋ ነው፤ ግን ዳሱን ባየሁ ቁጥር እንባዬ ይመጣል። ስሜን አንዴ ለአንድ ሰው አውልቄ ሰጠሁ፤ እሷም ይዛው ሄደች።

ከወልዲያ በተመለስኩ በሳምንቱ ስልኬ ጮኸ። ሂሩት ናት።

«እማማ፣ መኪናዋን በአውቶቡስ ልኬልዎታለሁ። ነገ መርሳ መናኸሪያ ይቀበሉ።»

ያን ከሰይድ በኋላ ለማንም ብዬው የማላውቀውን ቃል አወጣሁት።

«የትኛዋን?»

«የእርስዎን» አለችኝ።

በማግስቱ ረዳቱ ከአውቶቡሱ ጣሪያ አንዲት ቀላል ካርቶን አወረደልኝ። እዚያው መናኸሪያ ድንጋይ ላይ ተቀምጬ ፈታሁት። የሾፌሩ ወንበር ቆዳ ነው። ቀስ ብለው ነው የገፈፉት፤ አንዲት ስፌት አልቆረጡም። ዓይኔ በደንብ አያይም፤ በጣቴ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሄድኩበት። ቅቤና ነዳጅ ይሸታል፤ ከሥሩ ደግሞ ያቺ ቀጭን ዘይት አለች። ቤት ወስጄ ከጠረጴዛዋ ቀዳዳ ላይ ሰሃኑን አነሳሁና ቆዳውን አለበስኳት።